በማግስቱ የጠቆረው ሸሚዝ

ሙዝ ቆርጦ የማያውቅ ሰው ይህን ነገር አያምንም። የሙዝ ግንድ በገጀራ ሲመታ የሚንጠባጠበው ውሃ ኩልል ያለ ነው። ልብስ ላይ ሲያርፍ ያረጥበዋል እንጂ አያቆሽሸውም፤ ባለ ልብሱም "ይደርቃል" ብሎ ይተወዋል። ሲያድር ግን ያ ኩልል ያለ ውሃ ይጠቁራል። ጠዋት ሲያዩት የቆየ ደም መስሎ ቁጭ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ በሳሙና ቢፈትጉት፣ በእንዶድ ቢዘፈዝፉት፣ ድንጋይ ላይ ቢያሹት ንቅንቅ አይልም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ያሉ አበው ሙዝ ቆርጠው የሚያውቁ አይመስልም።

አርባ ምንጭ አጠገብ ባለችው የሙዝ አገር በላንቴ ይህን የማያውቅ ገበሬ አልነበረም። አንዲት ሙሽራ ብቻ አታውቅም ነበር፤ የአንድ ሰው ዕድሜም በእሷ አለማወቅ ላይ ወደቀ።

ሙሽራዋ ዘሪቱ ትባላለች። የጨንቻ ልጅ ናት፤ ብርዱ አጥንት የሚሰብርበት፣ እንሰትና ገብስ እንጂ ሙዝ የማይበቅልበት አገር። አባቷ ወንጌላዊ ስለነበሩ ቤታቸው ውስጥ ውሸት ከስርቆት እኩል ያስገርፍ ነበር። በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ገነነ ለሚባል ወጣት ተዳረች። ገነነም ቤተሰቡ ከዚያው ከደጋ የወረደ ነው፤ ነገር ግን ያደገው ላንቴ፣ በሙዝና በመስኖ መሀል ነው። ረጋ ያለ፣ ትንሽ የሚናገር፣ ሲናደድ ግን አፉን የማይመልስ ልጅ ነበር።

በአገሩ ወግ ሙሽራ ለወራት እርሻ አትወርድም። ታርፋለች፣ ትቀለባለች፣ ቅቤ ትቀባለች፤ አማት ራሷ ቆማ ታሳርፋለች። "ሥራ የትም አይሄድ፤ ዕድሜ ልክሽን ትሠሪዋለሽ" ይሏት ነበር የገነነ እናት። ስለዚህ ዘሪቱ ሙዙን የምታውቀው ከቤቱ ደጅ ሆና ነው። አረንጓዴውን አየች፣ ፍሬውን በላች፤ ግንዱ ሲቆረጥ ግን አንድም ቀን አጠገቡ አልቆመችም።

አንድ ቅዳሜ ገነነ ከጎረቤቱ ከኦይታ ጋር በውሃ ተራ ተጣላ። የመስኖ ውሃ ያለበት አገር የዚህ ዓይነት ጠብ አያጣውም። ኦይታ የገነነን ተራ ቆርጦ ውሃውን ወደራሱ ማሳ መልሶት ነበር። ገነነ ቦዩ ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ደግመህ ብትነካው ውሃው ራስህን ይዞህ ይሄዳል!" አለው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ቃሉ እዚያው ቦዩ ላይ የቀረ መሰለው እንጂ ፍርድ ቤት ድረስ እንደሚከተለው አላወቀም።

በማግስቱ እሑድ ከአምልኮ ሲመለሱ ለሰኞ የተቀጠረው የነጋዴው አይሱዙ ሳይታሰብ ከተፍ አለ። ሾፌሩ ይጮሃል፣ መኪናው ይንጫጫል። ገነነ ልብስ መቀየሪያ ጊዜ አላገኘም፤ የሠርጉን ነጭ ሸሚዝ እንደለበሰ ገጀራውን አንስቶ ማሳው ውስጥ ገባ። እስኪመሽ ቆርጦ ጫነ። ከዚያ ተራው ስለነበር ውሃውን ሊመልስ ወደ ቦዩ ወረደ። ቤት ሲገባ ሸሚዙ ረጥቧል፤ አውልቆ ገመድ ላይ ጣለው፣ የቀረበለትን በላና እንደ ግንድ ተኛ።

ሌሊት ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ወንዙ ሞልቶ ቦዩን ደፍቶት አደረ። ንጋት ላይ ዘሪቱ ስትነሳ መጀመሪያ ያየችው ሸሚዙን ነው። ከደረቱ እስከ እጅጌው ድረስ ቡናማ ነጠብጣብ ተረጭቶበታል። ገና ምን እንደሆነ ሳታስብ ከቦዩ በኩል የሴት ዋይታ ተሰማ። ኦይታ ቦዩ ውስጥ፣ ራሱ ተፈንክቶ፣ ሞቶ ተገኝቷል።

ዘሪቱ ጓዳ የተኛውን ባሏን ዞራ አየችው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ልትቀሰቅሰው እጇን ዘረጋች፣ መለሰችው። ከዚያ ሸሚዙን ገፍፋ ከቤቱ ጀርባ ወሰደችና ማጠብ ጀመረች። አጠበች፣ አሸች፣ እንደገና አጠበች። እድፉ እንቢ አለ። በመጨረሻ እርጥቡን ሸሚዝ ጠቅልላ ከቅርጫት ሥር ደበቀችው።

*

ቀትር ሳይሆን የኦይታ ወንድሞች ገጀራ ይዘው ወጡ። ቅዳሜ የተነገረውን ያልሰማ የለምና የሚሄዱበት ቤት የታወቀ ነው። ሽማግሌዎቹ ቀደሟቸው። በዚያ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ነጭቶ፣ ይዞ ከተንበረከከ፣ የፈለገ ቁጣ የያዘው ሰው እሱን ተራምዶ አያልፍም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ኤርጫፎ ገነነን ከቤት ጠርተው፣ "አንተም ተንበርከክ። ይህ ቁጣ ዛሬ ይብረድ፤ የቀረውን ነገ እንነጋገራለን" አሉት።

ገነነ ሣሩን ይዞ በኦይታ ሚስት በጌጤ ፊት ተንበረከከ። "በድያችኋለሁ፣ ማሩኝ" አለ። ማለቱ የቅዳሜውን ክፉ ቃል ነበር። ሟችን በሰደበ አፉ ሳይታረቅ መቅረቱ ከብዶት ነበር። ወንድሞቹ ገጀራቸውን ጣሉ፤ የዚያን ቀን አንድ ጎጆ አልተቃጠለም፣ አንድ ሰው አልተጎዳም። ሽማግሌዎቹ ሰላም አወረድን ብለው እግዚአብሔርን አመሰገኑ። እውነትም አውርደዋል፤ ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ነው ያልጠየቁት።

ፖሊስ መጥቶ ሲጠይቅ ሰው ሁሉ ያየውን ተናገረ፤ ተጣልተው ነበር፣ ዝቶበት ነበር፣ ተንበርክኮ በድያለሁ ብሏል። መርማሪው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል፤ ይሄኛው ግን ቀንድ ሳይሆን ሥጋ ያገኘ መሰለው። ገነነን አስሮ ቤቱን ሲፈትሽ ዘሪቱን፣ "እሑድ ለብሶት የነበረው ልብስ የታለ?" አላት። ዘሪቱ ከቅርጫቱ ሥር አውጥታ ሰጠችው። ሸሚዙን ያየው የጤና ጣቢያ ባለሙያ "ደም የሚመስል እድፍ" ብሎ ጻፈ። ስለ ሟች ራስም ጉዳቱ በገጀራም በድንጋይም ሊደርስ እንደሚችል ጽፎ ነበር፤ ይህችን ግን ማንም አላነበባት።

አርባ ምንጭ ላይ ችሎት ሲቀመጥ ዐቃቤ ሕጉ አስናቀ የሚባል የሰሜን ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ለዘሪቱ ይቀላት ነበር። ምስክር ሆና ስትቆም በለሰለሰ ድምፅ፣ "እህቴ፣ አትፍሪ። ያየሽውን ብቻ ተናገሪ" አላት። አስተርጓሚው ወደ ጋሞኛ መለሰው። እሷም ያየችውን ብቻ ተናገረች፤ ማታ ሲገባ ሸሚዙ ረጥቦ ነበር፣ ጠዋት ቡናማ ሆኖ አገኘሁት፣ ባጥበው አለቅም አለኝ።

ገነነ ከተከሳሽ ሳጥን ሆኖ፣ "የሙዝ ውሃ ነው" አለ። የመሀል ዳኛው ወደ ዘሪቱ ዞረው፣ "የሙዝ ውሃ እንዲህ ሲያደርግ አይተሽ ታውቂያለሽ?" ብለው ጠየቋት።

"አላውቅም" አለች።

እውነቷን ነው፤ አታውቅም። ከኋላ ወንበር ላይ ግን የላንቴ ሰው ሞልቶ ነበር። የእያንዳንዱ የሥራ ልብስ በዚያው እድፍ የተዥጎረጎረ ነው። አንድም ሰው አልተነሳም። የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃውም አንድ ገበሬ ጠርቶ ማስመስከር አልታየውም፤ የከተማ ልጅ ነው፣ ሙዝን የሚያውቃት ጁስ ቤት ነው። ዳኞቹ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት ፈረዱ።

*

ዘሪቱ ወደ ጨንቻ ልትመለስ ነበር። ነፍሰ ገዳይ ባል ይዞ መኖር አይጠበቅብሽም ያሏት ብዙ ናቸው። የገነነ እናት ግን ከፍርዱ በኋላ አልጋ ያዙ፤ እሳቸውን ጥላ ለመሄድ አንጀቷ አልችል አለ። ሙሽርነቱም አበቃ። ማሳውን የሚያይ ሰው አልነበረምና ገጀራ አንስታ ራሷ ወረደች።

የመጀመሪያውን ግንድ ስትመታ ውሃው ቀሚሷ ላይ ተረጨ። ምንም አልመሰላትም። በማግስቱ ጠዋት ቀሚሱን ከገመድ ልታወርድ እጇን ዘርግታ ቀጥ አለች። ያው ነው። ያ ቡናማ፣ ያ ነጠብጣብ፣ ከደረት እስከ እጅጌ። እያለቀሰች ወደ ቤቱ ጀርባ ሮጠችና ታጥበው ጀመር። እንዲለቅ ለመነችው። ቢለቅ ኖሮ ባሏ ገዳይ ነው፣ እሷም የተናገረችው ለእውነት ነው። አልለቀቀም።

የቆረጣት ግን ሌላ ሐሳብ ነው። ያደረ ደም እንኳ በቀዝቃዛ ውሃ ሲታሽ እንደሚለቅ የማታውቅ ሴት የለችም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በየወሩ ታውቀዋለች። ያን ጠዋት ሸሚዙ እንቢ ሲላት ደም እንዳልሆነ እጆቿ ያውቁ ነበር። ፍርሃቷ ነው ያላወቀው። ችሎቱ ላይ ሦስት ወንድ ዳኞች፣ ወንድ ዐቃቤ ሕግ፣ ወንድ ጠበቃ ተቀምጠዋል፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ይህን ልታውቅ የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች። "አለቅም አለኝ" ብላ ስትናገር ለባሏ ንጹሕነት እየመሰከረች እንደነበር አልገባትም፤ ሌላውም ሳይገባው ቀረ።

ቀሚሱን ይዛ ጋሽ ኤርጫፎ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው አንድ ጊዜ አይተው ዓይናቸውን ሰበሩ።

"ታውቁ ነበር?" አለቻቸው።

"ሙዝ የሚቆርጥ ሁሉ ያውቃል ልጄ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?"

"ሣር ተይዞ ሰላም ወርዶ ነበራ! እሱ አይደለም ብንል፣ ታዲያ ማነው ይባላል። የኦይታ ወንድሞች በማግስቱ ሌላ ደጅ ሊሄዱ ነው። ደግሞስ እሱ ራሱ በድያለሁ አለ፤ ሚስቱም መሰከረች። እኛ ከሚስት በላይ እናውቃለን እንበል?" ሽማግሌው መሬቱን በበትራቸው ጫሩ። "አንድ ሰው ታሰረ፣ አገር ዳነ። እንዲህ ብለን አሰብን። ጥሩ አላሰብንም።"

ዘሪቱ ልትረግማቸው ፈልጋ ነበር። ግን በምን አፏ? እነሱ ያወቁትን ደበቁ፤ እሷ ያላወቀችውን ተናገረች። የቱ እንደሚብስ እስከ ዛሬ አልለየላትም።

ማረሚያ ቤት ሄዳ በሽቦው በኩል ቀሚሱን ዘረጋችለት። ገነነ አየው። ፊቱ ላይ ደስታም ቁጣም አልታየም።

"ሙዝ ቆረጥሽ?"

"ቆረጥኩ።"

"አዎ። እንደዚያ ያደርጋል" አለ። ከዚያም፣ "ውሃው በተራችን ይደርሰናል?" ብሎ ጠየቃት። ስለ ሸሚዙ ሌላ ቃል አልጨመረም። እሷ ስታለቅስ ዘቡ ሰዓት አልቋል እስኪል ድረስ ዝም ብሎ ቆሞ ጠበቃት።

*

ከዚያ በኋላ ዘሪቱ ያልረገጠችው ቢሮ የለም። ቀሚሷን በፌስታል ይዛ ትሄዳለች፤ አንዱ ወደ አንዱ ይልካታል። ይግባኙም ሰበሩም ቀድሞ ውድቅ ሆኗል። "ፍርዱ የመጨረሻ ነው" ይሏታል። "ምስክርነትሽን ለወጥሽ ማለት ነው? በሐሰት መስክረሻል ማለት ነው?" ያላትም አለ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት። በዚህ መሀል የገነነ እናት ልጃቸውን ሳያዩ ሞቱ፤ የቀበረቻቸውም ምራታቸው ናት።

ዓመታት አለፉ። በ2004 አንድ ቀን አስናቀ ጡረታ ወጥቶ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር እንደሚኖር ሰማች። የወጣ ዐቃቤ ሕግ ምን ያደርግልኛል ሳትል ሄደች። ግቢው ውስጥ ማንጎ ሥር ተቀምጦ ሬዲዮ ሲሰማ አገኘችው። ሸብቷል። አላወቃትም። ቀሚሱን ከፌስታሉ ስታወጣ ግን ሬዲዮውን ዘጋ።

"እርስዎ 'ያየሽውን ብቻ ተናገሪ' አሉኝ" አለችው በተሰባበረ አማርኛዋ። "ይሄንንም ይዩልኝ።"

አስናቀ ቀሚሱን ጭኑ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

"መርማሪው ሸሚዙን አዲስ አበባ ለምርመራ እንላከው ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ወራት ይፈጃል። እኔ ደግሞ፣ 'ሚስት ከመሰከረች የምን ምርመራ' አልኩት። ይህን ቃል ረስቼው ነበር፤ አሁን ትዝ አለኝ።" መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። "እህቴ፣ አንቺ አልበደልሽም። አንቺን እንደ መሣሪያ ያቆምኩሽ እኔ ነኝ።"

ዘሪቱን ይህ አጽናናት ማለት ይከብዳል። ሰው ጥፋቱን ሲጋሩት ይቀልለዋል ይባላል፤ የእሷ አልቀለለም። አስናቀ ግን በአፉ ብቻ አልቀረም፤ ዱላውን አንስቶ አብሯት ወጣና በነጻ ጥብቅና ከምትቆም ዕድላዊት ከምትባል ወጣት የሕግ መምህር ጋር አገናኛት። ዕድላዊት ስትሰማ ያቀረበችው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ "ሸሚዙ አለ?"

ሸሚዙ ነበር። ኤግዚቢት ክፍል ውስጥ፣ ዕቃውን ለማቃጠል እንኳ የሚተጋ ሰው በመጥፋቱ፣ ከአሮጌ ገጀራና ከተሰበረ ሳይክል ጋር ተጥሎ ተገኘ። ኮሌታውን አይጥ በልቶታል። ስንፍና ሰውን ሲያድን ያየነው እዚህ ላይ ነው። ዕድላዊት በብዙ ምልልስ ሸሚዙንና የዘሪቱን ቀሚስ አንድ ላይ አሽጋ ለፎረንሲክ ምርመራ አዲስ አበባ አስላከች። ከወራት በኋላ መልስ መጣ። በሸሚዙ ላይ ደም አልተገኘም። እድፉ የተክል ፈሳሽ ነው፤ ከቀሚሱ እድፍ ጋርም አንድ ዓይነት ነው።

ዘሪቱ ተንበርክካ ጸለየች። ነገ የሚፈታ መሰላት።

"እህት ዘሪቱ፣ ቁጭ በይ" አለቻት ዕድላዊት። "በእኛ ሕግ ያለቀ ፍርድ በአዲስ ማስረጃ እንደገና የሚታይበት በር የለም። ያለን መንገድ ይቅርታ ነው። ቦርዱ የምርመራውን ውጤት ያየዋል፤ ይፈቱታልም ብዬ አምናለሁ። ግን የይቅርታ ማመልከቻ የሚጻፈው ጥፋትን አምኖ ነው። መጸጸቱን መፈረም አለበት።"

"ባልሠራው?"

"ባልሠራው።"

ገነነ ወሬውን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ። "አልፈርምም። ያኔ ስለ ሰላም ብዬ በድያለሁ አልኩ፣ ገዳይ አደረጉኝ። አሁን ደም የለም ብለው ራሳቸው ጽፈው፣ ገድያለሁ ብለህ ውጣ ይሉኛል? የቀረኝን እዚሁ እጨርሳለሁ።" ዕድላዊት ለመነችው፣ አስናቀም በዱላው እየተደገፈ መጥቶ ለመነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ አይደለም፤ ሰውየው የቀረው ስሙ ብቻ ስለሆነ ነው።

የቀረችው ዘሪቱ ነበረች። የዚህ ሰው እጣ ሁልጊዜ በእሷ አፍ ይወሰናል፤ ይህን ስታስብ አፏን ብታጣው ትመርጥ ነበር። ሄደች።

"እናትህን እኔ ቀበርኳቸው" አለችው። "ልጅ የምወልድበት ዘመን እያለፈ ነው። ሙዙን እኔ እተክላለሁ፣ እኔ እቆርጣለሁ። አንተ ትክክል ነህ፤ መፈረም የለብህም። እኔ ግን ብቻዬን ደከመኝ። ስለ እውነት አይደለም የምለምንህ። ስለ እኔ ነው።"

ገነነ ግንባሩን ሽቦው ላይ ደገፈ። ከዚያ ወረቀቱ እንዲመጣለት ጠየቀ። "በፈጸምኩት ወንጀል ተጸጽቻለሁ" የሚለውን መስመር ጮክ ብሎ አነበበው፤ "ይህ ቃል የእኔ አይደለም" አለና ፈረመ።

*

በ2006 ዓ.ም. በጥር ወር ተፈታ። ኦይታን ምን እንደገደለው፣ ሰው ይሁን ያን ሌሊት ከደጋ የወረደው ጎርፍና ድንጋይ፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ጌጤ ግን ገነነ በመጣ ቀን ጎረቤቱን ሁሉ ቀድማ ደጁ ላይ ተገኘች። ዕድላዊት ያስመጣችው የምርመራ ውጤት ወሬ ደርሷት ነበር። "ወንድሜ፣ አንተ ስትታሰር ዝም ብዬ አይቻለሁ" አለችው። እሱም እጇን ይዞ አስገባት። ጋሽ ኤርጫፎም መጡ፣ ሌሎቹም መጡ፤ እያንዳንዱ ሲገባ አንገቱን ደፍቶ፣ በልቶና መርቆ ይወጣል። ስለ ሸሚዙ ያነሳ የለም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ነገርን መቅበር የለመደ አገር ነው።

ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሁሉ ሄዶ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ገነነ በሩ ላይ ተቀምጦ ማሳውን ያያል። ዘሪቱ ዕቃ ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች፤ መልሳ ታነሳለች።

"እስከ መቼ ዝም ትለኛለህ?" አለችው። "በዚያ ሽቦ በኩል ስንት ጊዜ መጣሁ፤ አንድ ቀን አልተቆጣኸኝም። ተቆጣኝ። ስደበኝ። ምንም የምትጠይቀኝ የለህም?"

ገነነ ዞሮ አያት። "አንድ ነገር አለ።"

"ጠይቀኝ።"

"ያን ጠዋት ተኝቼ አልነበረም። ዋይታውን በእንቅልፍ ልቤ አልለየሁትም፤ ከቤቱ ጀርባ ልብስ ስትፈትጊ ግን እሰማ ነበር። ማልዳ ለምን ታጥባለች ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን ደክሞኝ ስለነበር አልተነሳሁም። አጠገብሽ ነበርኩ። ለምን አልጠየቅሽኝም?"

ዘሪቱ ለዚህ ጥያቄ ስንት መልስ ስታዘጋጅ ኖራለች። ሙሽራ ነበርኩ፣ ሙሽራ ባሏን አትጠይቅም። ልጅ ነበርኩ። ዋይታው አስደነገጠኝ። ሁሉም እውነት ነበር፤ ሁሉም አፏ ላይ መጥቶ ተመለሰ።

"ፈርቼህ ነበር" አለች።

"እኔን?"

"አንተን። አዎ ትለኛለህ ብዬ።"

ገነነ እጁን አየ፣ አገላብጦ አየው፤ ዘሪቱ ሊነሳና ሊወጣ ነው ብላ ጠበቀች። የሃያ ዓመቱ ፍርድ ሲነበብ በፊቱ ላይ ያላየችው ሐዘን አሁን ታየ። ዳኞቹ አያውቁትም ነበር፤ እሷ ግን አጠገቡ ትተኛ ነበር።

"እኔም ብነሳ ኖሮ" አለ በመጨረሻ። "ምን ታጥቢያለሽ ብዬ ብወጣ ኖሮ።" ቀና ብሎ አያት። "ነገ እርሻ እወርዳለሁ። ስመለስ የማታውቂው ነገር ካየሽብኝ ጠይቂኝ። ብትፈሪም ጠይቂኝ።"

"እጠይቅሃለሁ" አለች ዘሪቱ፤ አጠገቡም ደፉ ላይ ተቀመጠች።